ከቤሊንግሃም እስከ ሁና፦ በፌሪ ወደ አላስካ ትንንሽ ወደቦች

ሲያትልና አካባቢዋ የሚኖር ሐበሻ «ዘንድሮ አላስካን እንይ» ሲል ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከሲያትል ወደብ የሚነሳው ባለ ብዙ ፎቅ ክሩዝ ነው። ይህ ማስታወሻ ስለ ሌላው መንገድ ነው፤ የአላስካ ግዛት መንግሥት ከ1963 ጀምሮ ስለሚያሠራው፣ ሰውና መኪና ስለሚጭነው ፌሪ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በደቡብ ምሥራቅ አላስካ አብዛኞቹን ከተሞች የሚያገናኝ የመኪና መንገድ የለም፤ በአንድ ወገን ባሕር፣ በሌላው ወገን ተራራና በረዶ ነው። ስለዚህ ፌሪው ለአገሬው ሰው አውቶቡሱ ነው። ዓሣ አጥማጁ ከነመኪናው፣ የትምህርት ቤቱ የቅርጫት ኳስ ቡድን፣ የሐኪም ቀጠሮ ያላቸው አዛውንት አብረው ይሳፈሩበታል። ትልልቆቹ ክሩዞች የማይገቡባቸው ወይም አልፎ አልፎ ብቻ የሚገቡባቸው ወደቦች ላይም ይቆማል።

ትንሽ ወደብን የሚለውጠው የእንግዳው ብዛት ብቻ አይደለም። መርከቡ የሚቆምበት ቦታ የማን ነው? ሱቁስ የማን ነው? እንግዳው ስንት ሰዓት ይቆያል? ለእነዚህ ጥያቄዎች እዚህ መስመር ላይ በየከተማው የተለያየ መልስ በዓይን ይታያል።

ከመነሳት በፊት

ትኬቱን ከቤሊንግሃም (ከሲያትል በስተሰሜን ካለችው የፌሪው መነሻ) እስከ ጁኖ (የአላስካ ዋና ከተማ) ብላችሁ በአንድ ከቆረጣችሁት፣ መርከቡ ትንንሾቹ ከተሞች ላይ የሚቆመው መኪናና ሰው እስኪያወርድና እስኪጭን ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ራንግልን «አየሁ» ብሎ የሚመለሰው ከዴክ፣ ከመርከቡ ክፍት ወለል፣ ላይ ቆሞ ነው። በየከተማው ማደር ከፈለጋችሁ ቁርጥራጭ አድርጋችሁ ግዙ፦ ከቤሊንግሃም ራንግል፣ ከራንግል ፒተርስበርግ፣ ከፒተርስበርግ ጁኖ፣ ከጁኖ ሁና። በበጋም ቢሆን ዋናው መስመር በየከተማው የሚያልፈው በሳምንት ጥቂት ጊዜ ነው። ከዚህ በታች ያለው የቀን አቆጣጠር ሰሌዳው ሲገጥም የሚሠራ ነው፤ ካልገጠመ አንዱ ከተማ ላይ ሁለት ቀን ይጨመራል። የመመለሻ አውሮፕላን ከመጨረሻው ፌሪ ማግስት አትያዙ። መርከብ ሲበላሽ ተተኪው ቶሎ አይመጣምና ሁለት ቀን ትርፍ ተዉ።

ሌላው የወረቀት ጉዳይ ነው። ከሲያትል የሚነሱት ትልልቅ ክሩዞች የሌላ አገር ባንዲራ የያዙ ስለሆኑ፣ በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ የውጭ ወደብ ሳይረግጡ ከአሜሪካ ተነስተው እዚያው እንዲመለሱ አይፈቅድላቸውም። በመንገዳቸው ላይ ካናዳ፣ ብዙ ጊዜ ቪክቶሪያ፣ ለጥቂት ሰዓት የሚቆሙት ለዚህ ነው። ግሪን ካርዱን ገና ላልያዘ ሰው፣ በተለይ የጥገኝነት ጉዳዩ በሂደት ላይ ላለ ሰው፣ ያቺ የጥቂት ሰዓት ማቆሚያ ከአገር እንደ መውጣት ልትቆጠርበት ትችላለች። የቤሊንግሃሙ ፌሪ በካናዳ ውኃ ውስጥ ያልፋል እንጂ ካናዳ ወደብ ላይ አይቆምም። ቢሆንም ጉዳዩ ያላለቀ ሰው ትኬት ከመግዛቱ በፊት ጠበቃውን ያማክር።

ቀን 1፣ ዓርብ፦ ቤሊንግሃም

ፌሪው በተለምዶ የሚነሳው ዓርብ ምሽት ነው። ትኬት ላይ 6 ፒ.ኤም. ተብሎ የሚጻፈው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ ከአገር ቤት የመጡ ወላጆችን ይዛችሁ ከሆነ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉላቸው። ከሲያትል ኪንግ ስትሪት ጣቢያ የአምትራክ ባቡር ሁለት ሰዓት ከምናምን ተጉዞ ፌርሄቨን ያደርሳል፤ የፌሪው ተርሚናል ከባቡር ጣቢያው በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። መኪና የያዘ ሰው ሦስት ሰዓት ቀድሞ ቢደርስ ይሻለዋል።

መርከቡ ከተነሳ በኋላ የመኪናው ወለል ይዘጋል። የሚከፈተው ወደብ ላይና በድምፅ ማጉያ በሚነገር አጭር ሰዓት ብቻ ነው። መድኃኒት፣ ጃኬት፣ የልጅ ዳይፐር፣ ምግብ፣ ሁሉንም ከመነሳቱ በፊት ወደ ላይ አውጡ። «ቆይቼ አመጣዋለሁ» ያለ ሰው እስከ ማግስቱ ይጠብቃል።

ካፊቴሪያ አለ፤ ግን ለጿሚ የሚበቃ አይደለም። የፍልሰታ ጾም ከኦገስት 7 እስከ 21፣ ልክ በጉዞው ወቅት መካከል ይውላል፤ የሐዋርያት ጾምም የበጋውን መጀመሪያ ይይዛል። ፈላ ያለ ውኃና ማይክሮዌቭ ይገኛል፤ ስለዚህ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ የተዘጋጀ ሽሮ ወይም ምስር በክዳን ዕቃ ያዙ። ለሁለት ሌሊት ለአንድ ሰው አራት እንጀራ ይበቃል፤ በፕላስቲክ በደንብ ተጠቅልሎ ከሙቀት መራቅ አለበት። የመርከቡ የውስጥ ክፍል ይሞቃል፤ እንጀራ በሁለተኛው ቀን የሚሻግተው በዚህ ነው።

መኝታ ክፍል ውድ ነው፤ በበጋ ደግሞ ቀድሞ ያልቃል። ክፍል ያልያዘ ሰው ማረፊያው ሶላሪየሙ ነው፤ የመርከቡ ኋላ ላይ፣ ጣሪያው ባለ መስታወት፣ ከላይ የማሞቂያ መብራት ያለው ክፍት ቦታ። ተዘርግተው የሚተኛባቸው የፕላስቲክ ወንበሮች ለቀደመ ሰው ናቸው። ከዚያ ውጭ ባለው ዴክ ላይ ድንኳን መትከል ይፈቀዳል። ወለሉ ብረት ነውና ችንካር አይገባበትም። ድንኳኑ በራሱ ዘንጎች የሚቆም ዓይነት መሆን አለበት፤ የሚያያዘው በሰፊው ግራጫ ፕላስተር፣ ዳክት ቴፕ በሚሉት ነው። መጀመሪያ ወለሉን በፎጣ አድርቁ፤ ቴፕ እርጥብ ብረት አይዝም፣ ሌሊት ድንኳኑ ሲነሳ የሚታየውም በዚህ ስህተት ነው። አራቱን ማዕዘን በመስቀል ቅርጽ ሁለት ሁለት ጊዜ፣ የነፋስ መጋረጃውን ጠርዝ ደግሞ በረጅሙ ለጥፉ። ከባዱን ሻንጣ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ከውስጥ አስቀምጡ። አንድ ትልቅ ጥቅል ለአንድ ድንኳን ይበቃል። ስትወርዱ ቴፑን ልጣችሁ አንሱት፤ የመርከቡ ሠራተኛ እንዲያነሳው መተው ነውር ነው።

ቀን 2፣ ቅዳሜ፦ ባሕር ላይ

ሌሊት የሚታለፈው ሲሞር ናሮውስ የሚባል ጠባብ መተላለፊያ ነው። መካከሉ ላይ ብዙ መርከብ የሰበረ ድንጋይ ነበረበት፤ ካናዳውያን ከሥሩ ዋሻ ቆፍረው ኤፕሪል 5 ቀን 1958 በፈንጂ አፈረሱት። አሁንም የውኃው ፍጥነት ከባድ ስለሆነ መርከቦች ውኃው የሚረጋበትን ሰዓት ጠብቀው ነው የሚያልፉት።

ቅዳሜ ቀን ላይ ኩዊን ሻርሎት ሳውንድ ሲደረስ ደሴቶቹ ከለላ መሆናቸው ያበቃና የውቅያኖሱ ሞገድ በቀጥታ መርከቡን ያገኘዋል። ጥቂት ሰዓት ነው የሚቆየው። የሚያቅለሸልሸው ሰው ኪኒኑን መዋጥ ያለበት ሞገዱ ከመጀመሩ አንድ ሰዓት በፊት ነው፤ ከጀመረ በኋላ የተዋጠ ኪኒን ሆድ ውስጥ አይረጋም። ዝንጅብል በሻይ፣ ትንሽ ደረቅ ዳቦ፣ ከመርከቡ መሃል አካባቢ ዝቅ ያለ ወንበር፣ ዓይን ወደ አድማስ። ስልክ ማንበብ ማቅለሽለሹን ያባብሰዋል።

ኢንተርኔት አለ ብላችሁ አትቁጠሩ። ካርታ፣ የፌሪ ሰሌዳ፣ የማረፊያ ቤት አድራሻ ሁሉ ስልክ ላይ ቀድሞ ይውረድ።

ቀን 3፣ እሑድ፦ ኬቺካን

ሰዓታችሁን አንድ ሰዓት ወደኋላ መልሱ፤ የአላስካ ሰዓት ነው። መርከቡ የሚነሳበት ሰዓት ሲነገር በአላስካ አቆጣጠር ነው። ተርሚናሉ ከመሃል ከተማው በስተሰሜን 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ፌሪው ጥቂት ሰዓት ስለሚቆም ደርሶ መመለስ ይቻላል።

ኬቺካን የተመረጠችው ለማነጻጸሪያ ነው። ከተማዋ ወደ 8,000 ሰው ነው የሚኖርባት፤ ክሩዞች በሚበዙበት ቀን ከነዋሪው የሚበልጥ እንግዳ ይወርድባታል። መርከቦቹ ከዋናው መንገድ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ተሳፋሪው ከመሰላል ወርዶ መንገድ ተሻግሮ ሱቅ ውስጥ ይገባል። እንዲህ የሆነ ቦታ ኪራዩ ይወደዳል፤ የተወደደውን ኪራይ በአራት አምስት ወር ገቢ መክፈል የሚችለው ደግሞ ጌጣጌጥ ሻጭ ነው። በየመስኮቱ የሚያብረቀርቀው አልማዝና ታንዛናይት ከአላስካ የወጣ አይደለም፤ ታንዛናይት ከስሙም እንደሚታወቀው የታንዛኒያ ነው። ከእነዚህ ሱቆች ብዙዎቹ የመጨረሻው መርከብ በኦክቶበር ሲሄድ መስኮታቸውን ይሸፍናሉ፤ ዋናው መንገድ ክረምቱን በሙሉ ጨለማ ሆኖ ያሳልፋል። ሱቅ ስትገቡ አንድ ቀላል ጥያቄ ጠይቁ፦ «በጃንዋሪ ክፍት ናችሁ?» መልሱ ገንዘባችሁ ከተማዋ ውስጥ ይቅር አይቅር በግልጽ ይነግራችኋል።

ከከተማው በስተሰሜን ዋርድ ኮቭ በሚባለው፣ በ1997 የተዘጋ የወረቀት እንጨት ፋብሪካ በነበረበት ቦታ፣ በ2021 ሌላ የክሩዝ ማቆሚያ ተከፍቷል። የመሃል ከተማውን መጨናነቅ አላቀለለም፤ ሰዉ በአውቶቡስ ተጭኖ ወደዚያው ወደ መሃል ከተማው ይመጣል።

ያላችሁን ሰዓት ቶተም ሄሪቴጅ ሴንተር ላይ አሳልፉት። ባዶ ከቀሩ የነባር ሕዝቦች መንደሮች የተሰበሰቡ፣ ቶተም የሚባሉ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የተቀረጹ የእንጨት ምሰሶዎች አሉ፤ ቀለማቸው ለቋል፣ እንጨታቸው ተሰነጣጥቋል፣ ለእንግዳ ተብለው አልታደሱም። ዝናብ ልብስ አትርሱ፤ ኬቺካን በዓመት ወደ አራት ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይወርድባታል፣ ጃንጥላ ደግሞ ነፋሱን አይችለውም።

ከኬቺካን ራንግል ስድስት ሰዓት ገደማ ነው።

ቀን 4 እና 5፦ ራንግል

በ2020 ቆጠራ 2,127 ሰው። ተርሚናሉ ከተማው ውስጥ ነው፤ ሻንጣ እየጎተቱ ማረፊያ ቤት መድረስ ይቻላል። ማረፊያው ጥቂት ስለሆነ ግን ሳይይዙ መምጣት አደጋ አለው።

ከመርከቡ ስትወርዱ መጀመሪያ የምታገኙት ገበያ የልጆች ነው። በማጣጠፊያ ጠረጴዛ ላይ፣ በእንቁላል ካርቶን ወይም በኬክ መጋገሪያ ጉድጓዶች ውስጥ በየመጠኑ የተለየ ጋርኔት የሚባል ድንጋይ ይዘው ይቆማሉ። ድንጋዩ ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ ነው፤ ማዕዘኑ በሰው እጅ የተሞረደ ይመስላል፣ ግን እንዲሁ ነው ከመሬት የሚወጣው፣ አሥራ ሁለት ፊት ይዞ። አንዳንዱ ግራጫ ድንጋይ ውስጥ እንደተቀረቀረ ይሸጣል፤ ከፈለቀቀው ይልቅ ይህኛው ይሻላል፣ ከየት እንደመጣ ያሳያልና። ብርሃን ላይ ከያዛችሁት አብዛኛው አያሳልፍም፤ ለቀለበት የሚሆን ዕንቁ አይደለም፣ ሻጩ ልጅም እንደዚያ ነው የሚላችሁ። ድንጋዩ የሚቆፈርበት ቦታ ስቲኪን ወንዝ አፍ አጠገብ ሲሆን፣ በ1962 የከተማው ልጆች እንዲጠቀሙበት ተብሎ ቦይ ስካውት ለሚባለው የልጆች ማኅበር ተሰጥቷል። ልጆች በነፃ ይቆፍራሉ፤ አዋቂ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ልጆቹ ካርድ ማንበቢያ ላይኖራቸው ስለሚችል ባለ አንድና ባለ አምስት ዶላር ኖት ያዙ። ዋጋ አትከራከሩ፤ በመዶሻና በመሮ የተለቀመ ነው። እዚህ ወደብ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠቀመው የአገሬው ልጅ ነው።

ከተርሚናሉ በስተሰሜን በእግር ሩብ ሰዓት ያህል ፔትሮግሊፍ ቢች አለ። ከ40 በላይ ድንጋዮች ላይ ጠመዝማዛ ክብ፣ ፊት፣ ዓሣ ነባሪ ተቀርጿል። ባሕሩ ሞልቶ ከሄዳችሁ ብዙዎቹን አታዩም። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል፤ ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይገፋል። ሠንጠረዡን አይታችሁ በጣም ከሚሸሽበት ሰዓት አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ውረዱ። ድንጋዩ ሲረጥብና ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ቅርጹ ጎልቶ ይወጣል፤ በቀትር ብርሃን አጠገቡ ቆማችሁም ታልፉታላችሁ። አለቱ አረንጓዴ አልጌ ለብሷል፣ ያንሸራትታል፤ የጎማ ቦት ያስፈልጋል። ቅርጹን ወረቀት ላይ ማሻሸት የሚፈቀደው ከላይ ካለው የእንጨት መድረክ ጎን በተቀመጡት ቅጂዎች ላይ ብቻ ነው። ቅጂዎቹ የተሠሩት ዋናዎቹ እንዳያልቁ ነው። ድንጋይ ማንሳትም ሕገወጥ ነው።

ራንግል ወደ ቱሪስት የዞረችው ወዳ አይደለም። የእንጨት መሰንጠቂያዋ በ1994 ሲዘጋ ሥራ ጠፋ። አሁን መካከለኛና ትንንሽ ክሩዞች ይመጣሉ፤ መርከብ የሌለበት ቀን ግን ከመርከቡ ቀን ይበልጣል። ቺፍ ሼክስ ደሴት ላይ ያለው የትሊንጊቶች (የአካባቢው ነባር ሕዝብ) ቤት በ2013 ታድሶ ተመርቋል፤ በድልድይ ተሻግሮ ከውጭ ሁልጊዜ ማየት ይቻላል፣ ውስጡን ለማየት ግን ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቀን 6፦ በጠባቡ መተላለፊያ ወደ ፒተርስበርግ

ሦስት ሰዓት የሚፈጀው ይህ መንገድ ከጉዞው ሁሉ የላቀ ነው። ራንግል ናሮውስ 35 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ከ60 በላይ መብራትና ምልክት ተተክሎበታል፤ በጣም በጠበበበት ቦታ ስፋቱ ወደ 90 ሜትር ይወርዳል። ውኃው ጥልቀት የለውምና መርከቡ የሚገባው ባሕሩ በቂ ሲሞላ ነው። ሰሌዳው ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት መድረስ የሚል ግራ የሚያጋባ ሰዓት ቢያጋጥማችሁ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከፊት ዴክ ላይ ቁሙ፤ ቀይና አረንጓዴው መብራት በግራም በቀኝም ቀርቦ ያልፋል፣ የቤት በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሰው እጁን ሲያነሳ ይታያል።

ፒተርስበርግን እንደነበረች ያቆያት ይኸው ጠባብ ውኃ ነው። ትልልቆቹ ክሩዞች በዚህ ማለፍ አይችሉም፣ የከተማዋ ወደብም አይችላቸውም። የሚመጡት ትንንሾቹ ናቸው። ኖርዌያውያን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የቆረቆሯት ከተማ ስትሆን፣ ዛሬም የምትኖረው በዓሣ ነው። ከቱሪስት ቢሮ ይልቅ የዓሣ ፋብሪካዎቹ ሰፊ ናቸው፤ ጧት የሚቀሰቅሳችሁም የጀልባ ሞተር ነው። በ1912 የተሠራው፣ «የኖርዌይ ልጆች» የሚባለው የኖርዌያውያን ማኅበር አዳራሽ በእንጨት ምሰሶ ላይ ውኃው መሃል ቆሟል። ተርሚናሉ ከመሃል ከተማ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ሌሊት ከደረሳችሁ የማረፊያው ባለቤት እንዲቀበላችሁ ቀድማችሁ ደውሉ። የጀልባ ማሰሪያዎቹ ላይ መራመድ ክልክል አይደለም፤ ግን የሰው የሥራ ቦታ ነው። መረብ አትርገጡ፣ ገመድ አትሻገሩ፣ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ።

ቀን 7፦ ጁኖ

ስምንት ሰዓት ያህል የባሕር መንገድ ነው። ፌሪው የሚቆመው አውክ ቤይ ነው፤ ከመሃል ከተማ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ ታክሲ ቀድማችሁ ያዙ። ጁኖ እዚህ የገባችው በመርከብ ብዛት ላይ ላስቀመጠችው ገደብ ነው። ከ2024 ጀምሮ በቀን ከአምስት በላይ ትልቅ መርከብ እንዳይገባ ከክሩዝ ኩባንያዎቹ ጋር ተስማምታለች፤ ከ2026 ደግሞ ገደቡ በቀን በሚገቡት መርከቦች የተሳፋሪ አልጋ ቁጥር ሆኗል፦ ከእሑድ እስከ ዓርብ 16,000፣ ቅዳሜ 12,000። ቅዳሜ ጭራሽ መርከብ አይግባ የሚለው ሐሳብ በኦክቶበር 2024 ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ወድቋል።

ገንዘቡስ? ግዛቱ ከትልልቅ ክሩዞች ተሳፋሪ በነፍስ ወከፍ 34.50 ዶላር ይሰበስባል፤ መርከቡ መጀመሪያ ለሚቆምባቸው ሰባት ወደቦች ለእያንዳንዳቸው 5 ዶላር ያካፍላል። ጁኖ ራሷ በምታስከፍለው ላይ የፌደራል ፍርድ ቤት በ2018 ሲወስን፣ ገንዘቡ ለመርከቡ አገልግሎት እንጂ ለሌላ የከተማ ጉዳይ እንዳይውል አጠረው። ማቆሚያው ሲያምር የከተማው ሌላ ችግር እንዳለ የሚቀረው ከዚህ የተነሳም ነው።

ቀን 8 እና 9፦ ሁና

ከአውክ ቤይ በትንሹ ፌሪ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት። ሁና የትሊንጊቶች ከተማ ናት፤ በ2020 ቆጠራ 931 ሰው። ከመንደሩ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ርቆ በ1912 የተሠራ የሳልመን ማሸጊያ ፋብሪካ አለ። በ1971ዱ የአላስካ ነባር ሕዝቦች የመሬት ሕግ የተቋቋመው የሁና ሰዎች ኩባንያ ሁና ቶተም ፋብሪካውን ገዝቶ በ2004 አይሲ ስትሬት ፖይንት በሚል ስም ለክሩዝ ከፈተው። መጀመሪያ መርከቦቹ ርቀው ቆመው ሰው በጀልባ ያወርዱ ነበር፤ ማቆሚያ የተሠራው በ2016 ነው፣ ሁለተኛው በ2021።

ከኬቺካን ጋር ያለው ልዩነት ሁለት ነው። ሱቁም መሬቱም የአገሬው ሰው ኩባንያ ስለሆነ ትርፉ የሚመለሰው ለባለ አክሲዮኖቹ ነው። ማቆሚያውም ከመንደሩ ስለራቀ ሰው የሚጨናነቀው ፋብሪካው አካባቢ ነው። ሆኖም ሁለት መርከብ አንድ ቀን ሲገባ ከነዋሪው ብዙ እጥፍ ሰው ይወርዳል፤ ባለቤትነት ይህን ጫና አያስቀረውም። በእንዲህ ያለው ቀን ፋብሪካውን ትታችሁ መንደሩ ውስጥ ቆዩ። መርከቦቹ መቼ እንደሚገቡ ሰሌዳው ቀድሞ ይወጣል፤ ፋብሪካውን ባዶ ቀን ወይም ማታ እዩት። የቆርቆሮ ማሸጊያው መሣሪያ እንደተደረደረ አለ።

ሁና ባለችበት ደሴት ላይ ያለው ቡናማ ድብ ነው። በመንደሩና በፋብሪካው መካከል ባለው መንገድ ሲመሽ ብቻችሁን አትሂዱ፤ በቡድን ሆናችሁ ጮክ ብላችሁ እያወራችሁ ሂዱ። የድብ መከላከያ ስፕሬይ እዚያው ይገዛል፤ በመመለሻው አውሮፕላን ስለማይፈቀድ ለማረፊያ ቤቱ ባለቤት ስጡት፣ ለሚቀጥለው እንግዳ ያውለዋል።

ወደ ጁኖ ለመመለስ ፌሪ ወይም ትንሽ አውሮፕላን አለ። አውሮፕላኑ ጭጋግ ሲወርድ አይነሳም፤ ጭጋጉም ብዙ ጊዜ የሚወርደው ጧት ነው። የሲያትል በረራችሁ ከሰዓት በኋላ ቢሆን እንኳ ከሁና የምትነሱት ከአንድ ቀን በፊት ይሁን።